እግሩ የተሞረደ አውራ ዶሮ እንዳትገዙ

ወገን፣ ለማርባት ብላችሁ አውራ ዶሮ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይችን አንብባችሁ ሂዱ። በተለይ እዚህ ጎጃም፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ ከገበያ የምትገዙ።

አውራ ዶሯችንን ለፋሲካ አረድነው። በሳምንቱ ገበያ ወጥቼ አንድ ቀይ ዶሮ በ1,500 ብር ገዛሁ። ሻጩ «ገና ዓመቱ ነው» አለኝ። ቁመናው ያምራል፣ ጩኸቱ ሰፈር ይቀሰቅሳል፣ ግቢ እንደገባ ሴቶቹን መስረር ጀመረ። እኔም አመንኩ።

በዚያው ሳምንት ያጠራቀምኩትን 12 እንቁላል አንዷን አስታቀፍኳት። 10 ጫጩት ወጣልኝ። ከወር በኋላ ሁለተኛዋን እንዲሁ በ12 አስታቀፍኩ። 21 ቀን ሞላ፣ 25 ሆነ፣ አንድ ጫጩት ብቻ! ሌላውን ብሰብረው ውሃ ነው፣ የሞተ ጫጩት እንኳ የለበትም። ውስጡ ሞቶ ባገኘው ኖሮ ዶሮዋ ጥላው ተነስታ ይሆናል፣ ብርድ መትቶት ይሆናል እል ነበር። ምንም ከሌለበት ግን ከመጀመሪያውም ዘር አልያዘም።

ታዲያ የፊተኞቹ 10 ከየት መጡ? የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር ሆዷ ውስጥ አቆይታ እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ የሚፈለፈል እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እነዚያ ጫጩቶች የታረደው ዶሮዬ ልጆች ነበሩ፤ እኔ ግን ለአዲሱ ቆጠርኩለት፣ ሻጩም ሄጄ ስነግረው «እትዬ፣ መጀመሪያ 10 ፈልፍሎልሽ የለ? ይጮኻል፣ ይሰርራል፣ ምን ጎደለው?» ብሎ መለሰኝ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳየሁት። ከእግሩ ኋላ የሚበቅለው ሹል ቀንድ የመሰለ ነገር ጫፉ ተሞርዷል፣ ሥሩ ግን ወፍራም ነው። ቅርፊቱም ሻካራ ሆኖ ተነስቷል። ከሦስት ዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም አለኝ። አውራ ዶሮ ጉልበቱ የሚያይለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዘሩ እየቀነሰ ይሄዳል። እርግጥ አርጅቶም የሚያስፈለፍል አይጠፋም። ግን መጮኹና መስረሩ ብቻ ምንም አያረጋግጥም፣ ዘሩ የደከመ ዶሮም ሁለቱንም ያደርጋል።

ስለዚህ ስትገዙ እግሩን ያዙና ወደ ብርሃን አዙሩት። የጎረምሳ ዶሮ ሹሉ አጭር ነው፣ ቅርፊቱም ለስላሳ። አጭር ሆኖ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ሥሩ ደንዳና ከሆነ ተሞርዷል፣ ተዉት።

ከገዛችሁ በኋላም ወዲያው አታስታቅፉ። የቀድሞው አውራ ዘር እንዲያልቅ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ አራት አምስት እንቁላል ብቻ ሞክሩ፣ በ7ኛው ቀን ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ በሞባይል መብራት ተመልከቱት። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀይ የደም ሥር ካለ ይዟል፤ ጥርት ያለ ከሆነ ባዶ ነው። ከሻጩ ጋር ደግሞ ካልያዘ እንደምትመልሱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ሰው ፊት ቢሆን ይሻላል። እኔ ይህን አላደረግኩም፣ ብሬም አልተመለሰልኝም።

አንድ አውራ ለ10 ሴት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ካላችሁ ጎበዙም ላይደርስላችሁ ይችላል፣ ቶሎ ሻጩን አትጠርጥሩ። የኔዎቹ ግን 7 ብቻ ነበሩ።

አሁን ጎረቤቴ ከጫጩትነቱ ጀምሮ የማውቀውን ገብስማ ሸጠችልኝ። ያ ሻጭ ግን ዛሬም ገበያ ይመጣል፣ ባለፈው ሳምንት ሌላ ቀይ ዶሮ ይዞ አይቼዋለሁ።