ላፕቶፕ የተበላሸባችሁ የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ጠባሴ ያለውን ልጅ ሳታማክሩ አዲስ እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ አንድ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት አለ። እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት! ሳላስፈቅደው ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ።

እኔ ደብረ ሲና አስተማሪ ነኝ። ፈተናው፣ የተማሪ ውጤቱ፣ ኖቱ፣ ሁሉም ያለው አንዲት አሮጌ ዴል ላፕቶፕ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የአባቴ ድምፅ አለባት። አባቴ የመንዝ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ከማረፉ በፊት የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥርልኝ በስልክ ቀድቼው ነበር። ስልኩ ሲበላሽ ቅጂው እዚያች ላፕቶፕ ላይ ብቻ ቀረ።

እሷም መንቀራፈፍ ጀመረች። እስክትከፈት ቡና ይፈላል። ቆይታ ጭራሽ ቀጥ አለች።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ፣ ስም አልጠራም፣ ሰውየው ፈቶ እንኳን ሳያያት «ማዘርቦርዷ (ዋናው ሰሌዳዋ) ተቃጥሏል» አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ የወር ደሞዜን ይበላ ነበር። ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ «ፎርማት እናድርጋት» አሉኝ። ውስጧ ያለውስ ስል «እሱማ ይጠፋል» ብለው ወደ ስልካቸው ዞሩ። እንዲህ እንደ ቀላል ነገር! ሌላው ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ እያለ ሲያመላልሰኝ ከርሞ ሲመልስልኝ ብሎኗ ጎድሏል፣ ደህና ይሠራ የነበረው ባትሪዋም ተለውጧል። ስጠይቀው «እንዲሁ ነው ያመጣሽው» አለኝ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ። ሰው አንድን ነገር ካላወቀ አላውቅም ቢል ምን አለበት? የሰው ንብረት ነው እኮ! የሰው ሥራ፣ የሰው ትዝታ ነው።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለዚህ ልጅ ነገረኝ። በዚያ ጉም ጣርማ በርን ወጥቼ ደብረ ብርሃን ገባሁ።

ልጁ ላፕቶፗን ተቀብሎ ገና ሳይነካት «ቲቸር፣ ውስጧ እንዳይጠፋብዎት የሚፈልጉት ነገር ምንድን ነው?» አለኝ። እስከዚያ ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የአባቴን ነገር ነገርኩት። «እንግዲያው መጀመሪያ እሱን እናውጣ፤ ጥገናው ይደርሳል» አለ።

ሲፈታት አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። አንድ ወረቀት ላይ የላፕቶፗን ቅርጽ ሳለ። እያንዳንዱን ብሎን ሲያወጣ በወጣበት ቦታ ልክ ወረቀቱ ላይ ያስቀምጣል። ብሎኖቹ እኩል አይረዝሙም፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ሊጎዳት ይችላል አለኝ። ከማቀዝቀዣዋ ፋን ላይ የወጣው አቧራ የመንዝ በግ ፀጉር ነው የሚመስለው። «ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት?» አለኝ። በዚህ ብርድ ማን የማያደርገው አለ? አየር የምትስበው ከሥር ስለሆነ ሲታፈን ትግላለች፤ አንድ ጣውላ ወይም ትሪ ከሥሯ ያድርጉ አለኝ።

ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘና ያለውን ሁሉ ቀዳ። ከዚያ «እርስዎ ራስዎ ከፍተው ያረጋግጡ» አለኝ። የአባቴን ድምፅ ከፈትኩት። ልጁ ወዲያው ተነስቶ ሱቁ ውስጥ የነበረውን ሙዚቃ አጠፋ። አባቴ ቆጥሮ እስኪጨርስ ድረስ ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳይናገር ጠበቀኝ። ይህን መቼም አልረሳለትም።

ማዘርቦርዷ ምንም አልሆነም። ያረጀው ሃርድ ዲስኩ ነበር። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር አለው፣ ያልቃል አለኝ። በምትኩ ኤስኤስዲ የሚባለውን፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለውን ዲስክ ገጠመላት። እኔ ራም የሚባለውን ሜሞሪ ጭምር ልግዛ ስለው «4 ጊጋ አላት፣ ለእርስዎ ሥራ ይበቃል፤ ገንዘብዎን አያባክኑ» አለኝ። ሻጭ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አሮጌውን ዲስክም ጠቅልሎ መለሰልኝ፤ መረጃዎ ያለበት ስለሆነ የትም አይጣሉት አለ።

አዲሱ ዲስክ ላይ ሲስተም መጫን ነበረበት፤ ዊንዶውስ 11 ግን እሷን አይቀበልም። ከ8ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ጀምሮ ነው የሚፈልገው፣ የእኔዋ 4ኛ ናት። ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 2018 ላይ አቁሟል። ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት የሚባል፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ሲስተም አሳየኝ። ያሳየኝ ከፍላሽ አስነስቶ ነው፤ «ይሞክሩት፣ ካልወደዱት አልጭነውም» ብሎ። ሳየው ከለመድኩት ብዙም አይርቅም። ጫንልኝ።

እዚህ ላይ ግን ልቤ ደነገጠ። የድሮ ፈተናዎቼ ሲከፈቱ አማርኛው ጠፍቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ሆኑ። ልጁ ፈገግ አለ። እነዚያን የጻፍኳቸው በድሮው የግዕዝ ፎንት ነው። ከአሮጌው ዲስክ ላይ ፎንቶቹን ፈልጎ አመጣና አዲሱ ላይ አስገባቸው። ፊደሎቼ አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ! እንዴት እንዳደረገው አልገባኝም፤ ብቻ እጁ አይጥፋ። አዲስ የምጽፈውን በዩኒኮድ፣ ማለትም የድሮው ፎንት ሳያስፈልግ አማርኛው በሚነበብበት አጻጻፍ፣ እንድጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ አዘጋጀልኝ፣ አጠቃቀሙንም ቁጭ ብሎ አስተማረኝ። ለኅትመት ሲልኩ ፒዲኤፍ አድርገው ይላኩ፣ አለበለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መስመሩ ሊዛባ ይችላል አለኝ። እውነቱንም አልደበቀኝም፤ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ ፕሮግራሞች እዚህ ላይሠሩ ስለሚችሉ በእነሱ የሚሠራ ሰው አስቦበት ይለውጥ ብሏል።

ሂሳቡን የዕቃውን ለብቻ፣ የእጁን ለብቻ ጽፎ ሰጠኝ። ጨምሬ ልስጥህ ብለው እምቢ አለ።

ወገኖቼ፣ በተለይ አስተማሪዎችና ተማሪዎች፣ አሮጌ ላፕቶፓችሁን በግማሽ ዋጋ ከመሸጣችሁ በፊት እባካችሁ ለዚህ ልጅ አሳዩት። ከሸዋ ሮቢትም፣ ከመሐል ሜዳም ብትመጡ አትቆጩም። ሐቀኛ ነው፣ ሙያውን ያውቃል፣ ሰው ያከብራል። እንዲህ ያለውን ካልደገፍን ማንን ልንደግፍ ነው?

ከሰዓት በኋላ ሰው ስለሚበዛበት በጠዋት ሂዱ። ቻርጀራችሁን ያዙ፣ ፓስወርዳችሁንም አስታውሱ። ደብረ ሲና ያለችው መምህርት ልካን ነው በሉት።