ግርማን ስንፈልግ ግርማ መጣ

ለአባዬ ብዬ የአንድ ሙዚቃ አፕ ወርሃዊ ክፍያ መክፈል ከጀመርኩ 4 ወር ሆነኝ። የድምፁ ጥራት አሪፍ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋም ቀድሜ ያወረድኩት ይጫወታል። በዚህ በኩል ቅር ያለኝ ነገር የለም። ያማረረኝ የሰው ስም ላይ ነው።

አባዬ ማታ ራቱን በልቶ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል «እስቲ ግርማን ክፈችልኝ እናቴ» ይለኛል። ግርማ በየነን ማለቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ግርማ ፒያኖ» ብዬ ጻፍኩና ቀድሞ የመጣውን ነካሁት። ረጋ ያለ፣ ዘፈን የሌለበት ፒያኖ ወጣ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ አዳመጠ። «ጎበዝ ነው። የኔ ግርማ ግን አይደለም» አለኝ።

እውነቱን ነው። የከፈትኩለት ግርማ ይፍራሸዋን ነበር። ሁለቱም ግርማ፣ ሁለቱም ፒያኖ ተጫዋች፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ግርማ ይፍራሸዋ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነስቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ክላሲካል ያጠና ሰው ነው። አምባሰልን በፒያኖ ሲጫወት መስማት ነው። የአባዬ ግርማ ደግሞ የድሮዋ አዲስ አበባ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች ልጅ ነው። ይዘፍናል፣ ይደርሳል፣ ለሌሎች ያቀናብራል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋሊያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ቆየና እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ይዞ ብቅ አለ። አባዬ ይህንን አልበም የሰማ ማታ ሳይተኛ አመሸ።

የጌታቸው ነገር ይብሳል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ያሰማን፣ በኋላም ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር የተጫወተ ነው። ጌታቸው ካሣ ትዝታን በዝግታም በፈጣን ምትም የተጫወተልን ድምፃዊ ነው። አፑ የአንዱን ሥራ ሌላው ስር ከትቶታል። ደግሞ መኩሪያን ለብቻው ሁለት ሰው አድርጎታል! በላቲን ፊደል «ጌታቸው» አንዳንዱ ሸክላ ላይ «ቲ» ተጨምሮበት፣ አንዳንዱ ላይ ሳይጨመር ስለተጻፈ ብቻ። በአማርኛ ብፈልግም አልዳንኩም። «ካሳ» ብዬ ስጽፍ «ካሣ» አይመጣም።

ይሄ ቀላል ስህተት አይደለም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ካሣ የጌታቸው አባት ናቸው። አፑ ግን ልጁን ትቶ በአባቱ ስም ይደረድረዋል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ በስማቸው ሊቀመጥላቸው ይገባል። ከስሙ ጎን ፎቶና አንዲት ቃል፣ «ሳክስፎን» ወይም «ድምፃዊ» ብትጨመር ግማሹ ችግር ይቃለላል። ለድጋፍ ክፍሉ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ።

እስከዚያው ራሴ ሁለት ፕሌይሊስት ሠርቻለሁ። አንዱ «የአባዬ ግርማ» ይላል። ሌላው «ግርማ ይፍራሸዋ»። ሁለተኛውን ያሠራኝ አባዬ ራሱ ነው። እሁድ ጠዋት ቡና ሲፈላ «ያንን ልጅ ደግሞ ክፈችልኝ» ማለት ጀምሯል።