በአቀናባሪ ስም የተጫነ ፍላሽ፦ ቱሉ ዲምቱ ያለች የአንዲት ሙዚቃ ቤት አገልግሎት

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በአንዱ ሕንፃ የምድር ወለል ላይ፣ ከፀጉር ቤትና ከጤፍ መሸጫ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ሙዚቃ ቤት አለች። ደንበኞቿ በአብዛኛው ፍላሽ ይዘው የሚመጡ የሚኒባስ ሾፌሮች ናቸው። እኔን ወደ ውስጥ ያስገባኝ ግን በሩ ላይ በእጅ የተጻፈው «ዘፈን በአቀናባሪ ስም እንጭናለን» የሚለው ማስታወቂያ ነበር። በካሴት ዘመን ከዘፋኙ ፎቶ ይልቅ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ አስቀድሞ ያነብ ለነበረ ሰው ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጽሑፍ አይደለም።

ከቀረቡልኝ ስሞች የላቲን ሙዚቃ ፕሮዲውሰሩን የኤሚሊዮ ኤስቴፋንን መረጥሁ። ባለሙያው ወጣት «ጋሼ፣ እሱን ከጀመሩ ቶሎ አያቆሙም» አለኝ፤ እንዳለውም ሆነ። ሥራዎቹ በዓመት ቅደም ተከተል ስለተጫኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በኩባዋ ሳንቲያጎ ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ ማያሚ የተሰደደው፣ ቀን በባካርዲ ኩባንያ እየሠራ በትርፍ ጊዜው አኮርዲዮን ይጫወት የነበረው ሰው ያለፈበት መንገድ በጆሮ ይሰማል። ኋላ ባለቤቱ የሆነችው ዘፋኟ ግሎሪያ የሙዚቃ ቡድኑን ከተቀላቀለች በኋላ ቡድኑ ማያሚ ሳውንድ ማሽን ተባለ፤ በ1985 በእንግሊዝኛ የወጣውና በኩባ ከበሮ የሚነዳው «ኮንጋ» ደግሞ ዝናውን ከስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሰፈር አሻገረው። የዚህ ዘፈን ደራሲ የቡድኑ ከበሮ መቺ ኤንሪኬ ጋርሲያ መሆኑን ያስተዋለ አድማጭ፣ የኤስቴፋን ትልቁ ችሎታ ሰው መምረጥ እንደሆነ መጠርጠር ይጀምራል።

ጥርጣሬው የሚረጋገጠው በ1993ቱ «ሚ ቲየራ» አልበም ነው። ግሎሪያ በእንግሊዝኛ ከፍ ያለ ስም ካገኘች በኋላ ባልና ሚስቱ ፊታቸውን ወደ ጥንቱ የኩባ ዜማ መልሰው፣ ካቻኦን ለባስ፣ አርቱሮ ሳንዶቫልን ለትራምፔት፣ ቲቶ ፑዬንቴን ቲምባሌ ለተባለው ከበሮ ጠሩ። ይህን አልበም አራት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ የሚገቡበትና ዝም የሚሉበት ቦታ እጅግ የተመዘነ ነው፤ በልጅነቴ ከምሽት ክበብ በር ላይ ቆሜ የሰማኋቸውን የአዲስ አበባ ባንዶች አስታወሰኝ። ወጣቱ በራሱ ምርጫ ከሁሉ ፊት የሙላቱ አስታጥቄን የ1966 የኒው ዮርክ የአፍሮ ላቲን ሥራ አስቀምጧል። ከኤስቴፋን ጋር ግንኙነት የለውም፤ እኔ ግን አላስወጣሁትም።

ቅሬታዬ ዘፈኖቹ በስም በተመደቡበት መንገድ ላይ ነው። የሻኪራ የ1998 አልበም ሙሉ በሙሉ በኤስቴፋን ስም ተጭኗል፤ እሱ ግን በዚያ ሥራ ላይ የበላይ ፕሮዲውሰር ነበር፤ ዘፈኖቹን በመሥራት ከሻኪራ ጋር የደከሙት ሌስተር ሜንዴዝን የመሳሰሉ ሌሎች ባለሙያዎች ናቸው። እኛ ዘንድ አቀናባሪና ፕሮዲውሰር በአንድ ስም ስለሚጠሩ ስህተቱ አይገርምም፤ ሆኖም ማስታወቂያው ቅንብርን መለያዬ ነው ካለ ልዩነቱን ማወቅ ይጠበቅበታል። ከዚህም ሌላ ጥቂት ፋይሎች በጣም ስለታመቁ ባሱ ይሰነጠቃል፤ መልሼ ስወስዳቸው ግን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተቀየሩልኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ለጭነቱ የከፈልሁት 200 ብር ለየትኛውም የዜማ ደራሲ አይደርስም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በእኛ አቆጣጠር) ከወጣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ይህ ንግድ እንደቀጠለ ነው። ወጣቱን ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ እኔም ፍላሹን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

መሄድ የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በፊት ቢሄድ ይሻለዋል፤ አመሻሹ ላይ መብራት ስለሚጠፋ ጭነቱ ከመካከል ይቋረጣል።