«ቢላ የማስጣል» ሥልጠና ልትገዙ ከሆነ ቆም በሉ

ቢላ የያዘን ሰው በባዶ እጅ ማስጣል በጥቂት ቀን እናስተምራለን የሚሉ ማስታወቂያዎች በዝተዋል። ቪዲዮው ያምራል፦ አጥቂው ይመጣል፣ አሠልጣኙ ዞር ይላል፣ የእጅ አንጓ ይጠመዘዛል፣ ቢላው ወለሉ ላይ ይወድቃል። የምትከፍሉት ለዚህ ከሆነ የሚባክነው ገንዘባችሁ ብቻ አይደለም። ምንም ያልተማረ ሰው ስለት ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል፤ ይህን የተማረ ግን «አውቃለሁ» ብሎ ይቆምና የሰውየውን እጅ ሊይዝ ይሞክራል።

እስቲ ቪዲዮውን በዝግታ አጫውቱትና የአጥቂውን እጅ ብቻ ተከታተሉ። ከሁለት ሜትር ላይ አንድ ረጅም እርምጃ ይራመዳል፣ አንዴ ይወጋል፣ ከዚያ ክንዱን እንደዘረጋ ይተወዋል። ትምህርቱ በሙሉ የቆመው በዚያ ተዘርግቶ በቀረ ክንድ ላይ ነው። ሊጎዳ ቆርጦ የመጣ ሰው እንዲህ አያደርግም። እጁን በሰደደበት ፍጥነት ይመልሰዋል፤ ምቱ አጭር ነው፣ ይደጋገማል፣ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ሊገባና ሊወጣ ይችላል። ሌላው እጁም ሥራ አይፈታም፦ ኮሌታ ይጨመድዳል፣ ፊት ይገፋል፣ ከግድግዳ ጋር ያጣብቃል። ቢላውንም አስቀድሞ አያሳይም፤ ከጭኑ ኋላ ወይም እጅጌው ውስጥ ደብቆ፣ ከተጠጋ በኋላ ነው የሚያወጣው። ከተወጉ ሰዎች ብዙዎቹ በቡጢ የተመቱ መስሏቸው ነገሩን የሚያውቁት ደሙን ሲያዩ ነው።

አንጓ መጠምዘዝ የሚከሽፈው ጉልበት ስላነሳችሁ አይደለም። አንጓ ከክንድ ሁሉ ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ ቀጭን ክፍል ነው፤ በላብና በደም ከራሰ ደግሞ ያዳልጣል። ድንጋጤ ሲመጣ ጣት ስስ ሥራ መሥራት ያቅተዋል፣ ዓይንም ከቢላው ሌላ አያይም። ቢያዝላችሁ እንኳ ሁለቱም እጆቻችሁ እዚያ ተጠምደው የእሱ አንዱ ነጻ ነው፤ ቢላውን ወደዚያ ማዛወር ይችላል። ሁለት ክንድ አጣምሮ መመከትም ብዙ አያዋጣም፦ ከላይ የሚመጣን አንድ ምት ያቆም ይሆናል፣ እጁ ሲመለስ ግን ስለቱ ክንዳችሁን እየሰነጠቀ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1983 የሶልት ሌክ ሲቲው ፖሊስ ሳጅን ዴኒስ ቱለር አንድ ሙከራ አድርጎ ጽፎ ነበር። 21 ጫማ፣ ማለትም ወደ 6.4 ሜትር የሚጠጋ ርቀት፣ ለሚሮጥ ሰው የሚፈጅበት 1.5 ሰከንድ ገደማ ነው። የሠለጠነ ፖሊስም ሽጉጡን ከአፎቱ አውጥቶ ለመተኮስ የሚፈጅበት ያው ነው። እንግዲህ መሣሪያ ለታጠቀ ሰው በዚያ ርቀት ውድድሩ እኩል ለእኩል ከሆነ፣ በሁለት ሜትር ላይ በባዶ እጅ ምን እየተሸጠላችሁ እንደሆነ አስቡት።

ከመክፈላችሁ በፊት ማድረግ የሚቻል ፈተና አለ። አንድ አሮጌ ነጭ ቲሸርት፣ አንድ ወፍራም ቀይ ማርከርና ለሁለት ሰው የሚሆን የዓይን መከላከያ መነጽር ያዙ (መነጽሩን እንዳትተዉት፣ ማርከር ዓይን ያጠፋል)። አሠልጣኙ ቲሸርቱን ይልበስ፤ አጥቂው የእሱ ረዳት ሳይሆን ከእናንተ አንዱ ይሁን። ማርከሩን ደብቆ ይጠጋ፣ ለአሥር ሰከንድ ሳያቋርጥ ይውጋ፣ እጁን ቶሎ ቶሎ ይመልስ፣ በሌላው እጁም ይያዝ ይግፋ። ከዚያ አንገት፣ ደረት፣ ሆድና ብብት ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ቁጠሩ። ቲሸርቱ መቅላቱ አይቀርም፤ ጎበዙም ይቀላበታል፣ ስለዚህ አሠልጣኙን የምትመዝኑት በቀለሙ አይደለም። ሐቀኛው «አያችሁ፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ ሩጡ የምለው» ይላል። «የእኔ ዘዴ ለሙከራ በጣም አደገኛ ነው» የሚለውን፣ ወይም «እንዲህ አይደለም የሚወጋው» ብሎ አጥቂውን የሚያርመውን ትታችሁ ውጡ። አጥቂ እየታረመ የሚሠራ መከላከያ ውዝዋዜ ነው። ስሙ ካራቴ ሆነ አይኪዶ ሆነ ክራቭ ማጋ ለውጥ የለውም፤ ጥያቄው ሠልጣኞቹ እምቢ ከሚል ሰው ጋር ይለማመዳሉ ወይ ነው።

ዋጋ የሚያወጣ ሥልጠና ብዙ ጊዜ አሰልቺ ይመስላል። ርቀት መጠበቅ፣ የሰውን እጅ ማየት፣ ጠረጴዛ ወይም መኪና መሃል ማስገባት፣ መጮህ፣ መሮጥ። ቢላ አሳይቶ ስልክ የሚጠይቅ ሰው ስልኩን ነው የፈለገው፤ ይውሰደው። መውጫ ከሌለ ደግሞ አገጭ ዝቅ፣ ክርን ወደ ጎን ጥብቅ፣ ቦርሳ ወይም ወንበር ከፊት። ያም ከሌለ በሁለት እጅ የታጠቀውን ክንድ ከክርኑ አካባቢ አቅፎ ከገላ ጋር ማጣበቅና ማምለጫ እስኪገኝ በሙሉ ክብደት መግፋት። ይህም ቢሆን ያቆስላል፣ ግን ክንዱ እንዳይመላለስ ያደርጋል። በትግል ወይም በጁዶ እየታገለ የተለማመደ ሰው ይህን ከ«ቢላ ኮርስ» ተመራቂ ይልቅ ይችልበታል።

ፕሮግራሙ ውስጥ ደም ማቆም አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ከሌለ ጎዶሎ ነው። እጅ ወይም እግር ላይ ደም እየተንፎለፎለ ከሆነ ቱርኒኬት (ደም ለማቆም የሚጠብቅ ማሰሪያ) ከቁስሉ በላይ፣ ወደ ልብ በኩል፣ ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ. ርቆ ይታሰራል፣ መገጣጠሚያ ላይ ግን አይሆንም። ደሙ እስኪቆም ድረስ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ በጣም ያማል፣ አመመ ተብሎ አይላላም፣ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል። ብብት፣ ብሽሽትና የአንገት ሥር ላይ ቱርኒኬት አይሠራም፤ ቁስሉን በቁስል ፋሻ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ሞልቶ በኃይል መጫን ነው። ደረትና ሆድ ውስጥ ጨርቅ አይጠቀጠቅም። ተሰክቶ የቀረ ቢላ አይነቀልም። አንድ ቁስል ስታገኙ ፍለጋውን አታቁሙ፤ ጀርባና ብብት ሥር ሌላ ሊኖር ይችላል፣ ተጎጂው ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ውሉን በተመለከተ፣ ሙሉ ክፍያ ቀድሞ የሚጠይቅ፣ የቢላውን ትምህርት «ሦስተኛ ደረጃ» ላይ አስቀምጦ ከፊት ያሉትን ሁለቱን የሚሸጥ፣ የጎማ ቢላ ከእኔ ብቻ ግዙ የሚል ቦታ ጥሩ ምልክት አይደለም። የጎማ ቢላ ይተጣጠፋል፣ ስትነኩት አትፈሩትም፤ ጫፉ የደነዘዘ ደረቅ ፕላስቲክ ይሻላል። የምስክር ወረቀቱን እርሱት። አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ተመላሽ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ የቀሩት ክፍለ ጊዜዎች ወደ ቦክስ ወይም ትግል እንዲዛወሩላችሁ ጠይቁ፤ ጂሙ እነዚህ ካሉት በዚህኛው ሊስማማ ይችላል።