ውሻው ሳይታይ የሚሸጥላችሁን የጆሮ ጠብታ አትግዙ

ውሻ የምታሳድጉ ሁሉ፣ እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባችሁ ይህን አንብቡልኝ።

ባለፈው ክረምት ውሻዬ ጃክ ቀኝ ጆሮውን በኋላ እግሩ ማከክና ጭንቅላቱን ማራገፍ አበዛ። አዲስ አበባ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ውሻውን ላየው እንኳ ሳይል ትንሽ ጠርሙስ አወጣና «ለማንኛውም የጆሮ ሕመም ይሆናል፤ በሦስት ቀን ይሻለዋል» አለኝ። 600 ብር ከፈልኩ። ጠርሙሱ ላይ የመድኃኒቱ ስምም ሆነ የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን አልተጻፈም። ያኔ አለመጠየቄ ዛሬም ይቆጨኛል።

በአራተኛው ቀን ጃክ አንገቱን ወደ ቀኝ አዝምሞ ተነሣ። ወደ ምግቡ ሲሄድ እየተንገዳገደ ግድግዳ ተደገፈ። ተሸክሜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ መብራት ባለው መሣሪያ አይቶ የጆሮው ታምቡር መቀደዱን ነገረኝ። እንደ ጄንታማይሲንና ኒዮማይሲን ያሉ መድኃኒቶች በተቀደደ ታምቡር አልፈው ወደ ውስጠኛው ጆሮ ከገቡ መስማትንና ሚዛንን ሊጎዱ ይችላሉ። የጨመርኩበት ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ግን የምመልሰው አልነበረኝም።

የውሻ ጆሮ ቦይ ወደ ታች ወርዶ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ታምቡሩ ከውጭ አይታይም። የቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ፍርፋሪ ብዙ ጊዜ ጆሮ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች ምልክት ነው። የሚገማ ቢጫ ፈሳሽ ባክቴሪያን፣ ቡናማ ቅባት ደግሞ ፈንገስን ያስጠረጥራል። የየአንዳንዱ መድኃኒት ይለያያል፤ ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ የለም። ሱቅ ውስጥ የሚሸጥላችሁ ግምት ነው።

ማከኩ ካልተወው፣ ጆሮው ከቀላ ወይም ከሸተተ፣ ሲነካም ከጮኸ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። አንገቱ ከዘመመ፣ ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ ከዋለለ ወይም የጆሮው ቅጠል ደም ቋጥሮ ካበጠ ለነገ አትበሉ። እስከዚያው አልኮልም ሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አታፍስሱበት። በጥጥ እንጨትም አትጎርጉሩት፤ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ጃክ ከሁለት ወር ሕክምና በኋላ ቀጥ ብሎ መሄድ ችሏል። በቀኙ ቆሜ ስጠራው ግን አሁንም ወደ ግራ ዞሮ ይፈልገኛል።