ደንባችንን የጻፉልን ባለሙያዎች፦ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ

ማኅበራችን የመማሪያ መጻሕፍትን ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በድምፅ የሚቀርጽ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ነው። እኔ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት አገልግዬዋለሁ። መተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅና ከጸደቀ በኋላም ማሻሻያዎቹን የሚከታተል አንድ የሕግ አማካሪ ድርጅት ቀጥረን ዓመት ከመንፈቅ አብረን ሠራን። ስሙን አልጠቅስም። ይህን አገልግሎት ለመግዛት የሚያስብ ማኅበር ምን ጠይቆ መግባት እንዳለበት ቢያውቅ ግን እኛ ያባከንነውን ጊዜ ያተርፋል።

የቀድሞው ደንባችን መሥራቾቹ የጻፉት አራት ገጽ ነበር። ዓላማውን በሚያምር ቋንቋ ይናገራል፤ ሰዎች ያልተስማሙ ዕለት ምን እንደሚደረግ ግን አንድ መስመር የለውም። ከሁሉ የጎዳን ምልዓተ ጉባኤው ነው። «ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ይሟላል» ይላል። መዝገባችን ላይ 120 ስም ስለነበር 61 ሰው ያስፈልግ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ መዋጮ ካቋረጡ ዓመታት አልፈዋል፤ አድራሻቸው የጠፋም ነበሩ። ለምርጫ ሦስት ጊዜ ጠርተን፣ ብዙ ሰው መጣ ያልንበት ቀን የተገኘው 47 ነው። በዚህ ምክንያት የሥራ ዘመኑ ያለፈበት ቦርድ አንድ ዓመት ሙሉ ቼክ ሲፈርም ቆየ። ሰብሳቢያችን ቅን ሰው ናቸው፤ ብዕር ባነሡ ቁጥር ፊታቸው ላይ የማየው ጭንቀት ነው ወደ ባለሙያ የወሰደን።

አገልግሎቱ የሚጀምረው በቃለ መጠይቅ ነው፤ ምርጡ ክፍልም እሱ ነው። የተመደቡልን ባለሙያ አንድም ወረቀት ሳያወጡ ሁለት ሰዓት ጠየቁን። «ሰብሳቢው ዛሬ ማታ ቢያርፉ ነገ ጠዋት የሚፈርመው ማን ነው?» «አንድ የቦርድ አባል ለማኅበሩ ኮምፒውተር ልሽጥ ቢል፣ ውሳኔው ሲሰጥ እዚያው ይቀመጣል?» «አባል ስታሰናብቱ ቃሉን የሚሰማው ማን ነው? ይግባኙስ ለማን ነው?» «ማኅበሩ ቢፈርስ የመቅረጫ መሣሪያዎቹ ለማን ይተላለፋሉ?» ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ ገንዘብ ያዣችንና እኔ ፍጹም የተለያየ መልስ ሰጠን። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ ተነጋግረንበት አናውቅም ነበር።

ደንብንና መመሪያን መለየታቸውም ትልቅ ውለታ ነው። የኮሚቴዎች ዝርዝር፣ የቢሮ ሰዓት፣ የወጪ ቅጾች ከደንቡ ወጥተው ቦርዱ ራሱ ሊለውጠው ወደሚችል የውስጥ መመሪያ ገቡ። በደንቡ የቀረው ጠቅላላ ጉባኤ ካልተጠራ መነካት የሌለበት ነገር ብቻ ነው።

ረቂቁ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ጥያቄና መልስ የት እንደገባ ማግኘት አቃተኝ። ለሌላ ድርጅት ተጽፎ ስማችን የተተካበት ነበር። ስለ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ሁለት ገጽ አለው፤ እኛ ቅርንጫፍ የለንም። አንድ ቦታ «በአንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት» ይላል፤ አንቀጽ 14 ያለው ሁለት ንዑስ አንቀጽ ነው። ይህ ሁሉ ይታረማል። እኔን ያሳዘነኝ የምርጫው አንቀጽ ነው፦ «ምርጫ በጽሑፍ በሚሰጥ ምስጢራዊ ድምፅ ይካሄዳል።» ከአባሎቻችን ብዙዎቹ በእኛ ቅጂዎች ተምረው የተመረቁ ዓይነ ስውራን ናቸው። ወረቀቱን ሌላ ሰው ሊያነብላቸውና ሊሞላላቸው ከሆነ ምስጢሩ ምኑ ላይ ነው? ማንነታችንን በመጀመሪያው ደቂቃ ነግረናቸው ነበር። አንቀጹን እኛው ጻፍነው፦ «ማንኛውም አባል ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ምስጢሩን ጠብቆ በሚጠቀምበት መንገድ።» ዛሬ ሁሉም አባል የሚቀበለው በዓይንም በጣትም የሚነበብ፣ ብሬይልም የታከለበት አንድ ዓይነት ካርድ ነው። የጥሪውንም አንቀጽ እንዲሁ ለወጥነው፤ ጥሪ የሚላከው አባሉ ሊያነበው ወይም ሊያዳምጠው በሚችልበት መንገድ ነው።

ምልዓተ ጉባኤውን ስናርም ባለሙያዋ ጥሩ አድርገው አገዙን። የሚቆጠረው የዓመቱን መዋጮ ያጠናቀቀ አባል ብቻ እንዲሆን ተደረገ። መዝገቡን ስናጠራ 84 ሰው ቀረ፤ ከግማሽ በላይ ማለት 43 ነው። ያን ዓመት የመጡት 47 ሰዎች በቂ ነበሩ ማለት ነው! በሁለተኛ ጥሪ የተገኙት ሁሉ ይወስናሉ የሚለውን የተለመደ አንቀጽ ግን እንዳለ አልተቀበልኩትም። ለዕለት ተዕለት ጉዳይ ይሁን፤ ደንብ ለማሻሻልና ማኅበሩን ለማፍረስ ግን አሥራ ሁለት ሰው ዝናብ ባለበት ቀን ተሰብስቦ እንዲወስን መፍቀድ አልችልም። በብዙ ክርክር ተስማሙ።

ረቂቁ «በሁለት ሦስተኛ ድምፅ» የሚልበትን ቦታ ሁሉ ቆጠርኩ፤ አምስት ነው። የምን ሁለት ሦስተኛ እንደሆነ አንዱም ቦታ አልተጻፈም። 84 አባላት ካሉን፣ 48 ተገኝተው ስድስቱ ድምፀ ተአቅቦ ቢያደርጉ፣ ከጠቅላላ አባላት ከሆነ 56 ድምፅ ያስፈልጋል፤ በዚያ አዳራሽ ደግሞ 56 ሰው የለም። ከተገኙት ከሆነ 32፣ ድምፅ ከሰጡት ከሆነ 28 ይበቃል። አንድ ውሳኔ በአንዱ ስሌት ይጸድቃል፣ በሌላው ይወድቃል። ይህን በገበታ ሠርቼ ስልክላቸው ባለሙያዋ ቅር ሳይላቸው አምስቱንም አረሙ። ደንብ የምታስጽፉ ሁሉ፣ እያንዳንዱን ክፍልፋይ በራሳችሁ የአባላት ቁጥር አስልታችሁ ሳታዩ አታጽድቁ።

ከዚህም የረቀቀ አንድ ቃል ነበር። «የቦርድ አባል ለሁለት ዓመት ወይም ተተኪው እስኪመረጥ ያገለግላል» ይላል ረቂቁ። የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ማርቲን ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመውና እስከ ዛሬ እየታደሰ የሚወጣው የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፍ በ«ወይም» እና በ«እና» መካከል ልዩነት ያደርጋል። «ወይም» ካለ ጉባኤው ዘመኑ ሳያልቅም ምርጫውን ሽሮ ሌላ ሊመርጥ ይችላል፤ «እና» ካለ ግን ለማንሣት በቂ ምክንያትና ሥርዓት ያስፈልጋል። ባለሙያዋ የትኛውን እንደፈለግን ሳይጠይቁን ነበር የጻፉት። እኛ በ«ወይም» ቆየን፤ ግን አውቀን፣ ተወያይተን፣ ምክንያቱን ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍረን ነው።

ደንቡ ከጸደቀ በኋላ ያለው ክትትል የተደባለቀ ነው። የመጀመሪያው ማሻሻያችን የቦርዱን ዘመን ወደ ሦስት ዓመት ከፍ አድርጎ ከዘጠኙ አባላት በየዓመቱ ሦስቱ እንዲቀየሩ የሚያደርግ ነበር። እዚህ ላይ ባለሙያዋን አከብራቸዋለሁ። በወንበር ላይ ያለው ቦርድ በራሱ ማሻሻያ የራሱን ዘመን እንዳያራዝም የመሸጋገሪያ አንቀጽ አስገቡ፤ አዲስ የተመረጡት ዘጠኙ ደግሞ ማን አንድ፣ ማን ሁለት፣ ማን ሦስት ዓመት እንደሚያገለግል በዕጣ እንዲለዩ አደረጉ። እኛ አላሰብነውም ነበር።

ከዚያ በኋላ የላኩልን ግን የተሻሻለውን አንድ ቅጠል ብቻ ነው። የተጠቃለለ ጽሑፍ ለማግኘት ሰባት ሳምንት ፈጀ። በዚያ መሐል ለምርጫ ጉባኤ ጠራን፤ ግማሹ አባል የያዘው ቅጂ ጥሪ በ7 ቀን ይላል፣ የእኔ ደግሞ በተመሳሳይ ጊዜ የተሻሻለውን 15 ቀን ይላል። አንድ አረጋዊ አባላችን ተነሥተው በትሕትና «ልጄ፣ የምንተዳደረው በየትኛው ነው?» ሲሉኝ መልሱን ባውቅም በእጄ ላሳያቸው የምችለው አንድ ሙሉ ሰነድ አልነበረኝም። ምርጫውን አራዘምነው። በዚያ ላይ የሰጡን ፋይል ፒዲኤፍ ብቻ ስለነበር አንድ ፊደል ለማረም እንኳ ወደ እነሱ መጻፍ ነበረብን።

የተጠቃለለው ጽሑፍ ሲደርስ በጣም ጥሩ ሆኖ ነው የመጣው። ከእያንዳንዱ የተሻሻለ ንዑስ አንቀጽ ሥር የጸደቀበት ቀን አለ፤ መጨረሻው ላይ ቀድሞ የነበረውንና አሁን የሆነውን ጎን ለጎን የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። ይህን መጀመሪያ ቢያደርጉት ኖሮ ግምገማዬ ሌላ ይሆን ነበር።

ለሁለተኛ ዓመት ውላችንን አድሰናል። በውሉ ላይ ያስጨመርነው ማሻሻያ በጸደቀ በ10 ቀን ውስጥ የተጠቃለለ ጽሑፍ እንዲደርሰን፣ ሊታረም የሚችል ፋይል እንዲሰጠንና ዋናው ቅጂ በጸሐፊዋ እጅ እንዲሆን ነው።

ባለፈው ወር ደንቡን በራሳችን ስቱዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድምፅ ቀረጽነው። ጮክ ብዬ ሳነብ ሁለት የተሳሳቱ የአንቀጽ ማጣቀሻዎች አገኘሁ፤ ባለሙያዎቹም እኔም በዓይናችን ስንት ጊዜ አልፈናቸዋል። በማግስቱ አርመው ላኩ፤ ሁለቱን አንቀጾች ደግሜ ቀረጽኳቸው።