የታካያማ ከተማ የግድግዳ ካርታ ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር

ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ የመጻሕፍት መደብር የገዛሁትን ይህን ካርታ ለጂኦግራፊ መምህራንና ለአስጎብኚዎች ከልብ እመክራለሁ። ታካያማ በጃፓን ጊፉ ግዛት በተራሮች የተከበበች ከተማ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዘጠኝ አጎራባች ከተሞችና መንደሮች ስለተዋሐዷት፣ ነዋሪዎቿ ከ100,000 ያነሱ ሆነው ሳለ በቆዳ ስፋት ከአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ትልቋ ናት፤ ስፋቷም 2,178 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በካርታው ላይ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው መሬት በደን አረንጓዴ ተሸፍኗል።

ይበልጥ ያረካኝ የመሐል ከተማውን አጉልቶ የሚያሳየው ክፍል ነው። በሚያጋዋ ወንዝ ዳር አርሶ አደሮች አትክልትና ፍራፍሬ የሚሸጡበት የጠዋት ገበያ፣ ከእንጨት የተሠሩት የሳንማቺ ሰፈር የጥንት ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ1692 ጀምሮ በዘመኑ ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ ወታደራዊ መንግሥት ሹማምንት አካባቢውን ያስተዳድሩበት የነበረው የታካያማ ጂንያ ግቢ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። የጸደዩ በዓል በደቡቡ የከተማ ክፍል፣ የመኸሩ ደግሞ በሰሜኑ እንደሚከበር፣ በበዓላቱ የሚወጡት ያጌጡ ሠረገላዎችም በየሰፈሩ ነዋሪዎች እንደሚጠበቁ ማብራሪያው በግልጽ ያስረዳል። በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ለተቆረቆረችው፣ ፋሲል ግቢንና የጥምቀትን በዓል ለያዘችው ጎንደራችንም እንዲህ ያለ ካርታ ቢዘጋጅላት እጅግ እመኛለሁ።

ስለ አስተዳደሩ የተጻፈው ግን አንሶብኛል፤ ከንቲባውንና የምክር ቤት አባላቱን ነዋሪው በቀጥታ በየአራት ዓመቱ እንደሚመርጥ ከመግለጽ አያልፍም። ወረቀቱም ስስ ስለሆነ፣ ክፍል ውስጥ ለመስቀል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በፕላስቲክ ቢያስለብጠው ይሻላል።